ስድስት ከሃምሳ

ሌሊት ስምንት ሰዓት፣ ትራቬሙንደ ዝናብ ነው፣
ከባሕሩ የወጣ ጉም የመጦሪያውን መስኮት ላሰው።
የአሥራ አንድ ቁጥር ክፍል ቀይ መብራቱ በራ፤
ለአራተኛ ጊዜ ወይዘሮ ቪብከ ስትጣራ።
(«እርስዎ» ያስረጃል ብላ፣ «አንቺ» በይኝ ብላኛለች።)

ሐኪሙ ያዘዘው ክኒን ማታ ተውጧል፣
ግን እሱም እግረኛ ነው፤ ነገ ወይ ከነገ ወዲያ ይደርሳል።
እስከዚያ ያለው ሌሊት
የነርስ ርስት ነው፤ ማዘዣ የሌለበት።

«ከዜሮ እስከ አሥር፣ ስንት ነው ሕመሙ?»
ዓይኖቿ ተጨፈኑ፣ ከንፈሮቿ ገጠሙ፤
አርባ ዓመት ጀልባ ላይ ትኬት የቆረጠች ናት፣
ድፍን ቁጥር አይጥማትም፣ ዝርዝር ነው የሚያምራት።
«ስድስት» አለች። ቆየችና፣ «ከሃምሳ ሳንቲም።»
ሳቄን ዋጥኩት፤ የሳቅ ሰዓት አልነበረም።

«ምን ይመስላል?» አልኳት። «እንደ ሳማ» አለች፤
በቃሏ ብቻ የኔንም ጣት ለበለበች።
ከዚያ እንደ ጥንቱ ታማሚ ንጉሥ ሆነች፣
አንሶላው ረጥቦባት ፊቷን ለግድግዳ ሰጠች።
እኔ ነቢይ አይደለሁ፤ የበለስ ጥፍጥፍ የለኝ፤
አንሶላ መቀየር፣ ዝም ማለት ነው የተሰጠኝ።

የላስቲክ ከረጢት በሙቅ ውኃ ሞላሁ፣
የሚያነድ እንዳይሆን በክንዴ ቆዳ ለካሁ፣
በፎጣ ጠቅልዬ፣ እንደ አራስ ታቅፌ፣
ከእምብርቷ በታች አስተኛሁት አሳርፌ።
ከጉልበቷ ሥር ትራስ፣ ሆዷ እንዲላላ፤
በየሩብ ሰዓቱ ቆዳዋን አየሁ፣ እንዳይቀላ።

«ጠጪ» ስላት አሻፈረኝ። «ከጠጣሁ ይመጣል፤
ከመጣ ያቃጥላል።»
ልክ ናት፤ እኔም በሷ ቦታ ይህንኑ እላለሁ።
መዝገቡን ገለጥኩ፤ ልቧ ውኃ እንደሚችል አየሁ።
«ወፍሮ ሲጠቁር ነው» አልኳት፣ «የሚለበልበው፤
በውኃ ቀጥኖ ሲመጣ ይቻላል፤ ሞክሪው።»
ግማሽ ብርጭቆ ጠጣች። «አንቺስ?» አለች።
ቀድቼ ጠጣሁ፤ ያኔ የራሷን ጨረሰች።

ሕመሙ ሲነሣባት ትንፋሿን ቋጠረች።
«ጀልባዋን አስቢያት፤ ስትሄድ አየር ሳቢ፣
ማዶ ስትደርስ ጠብቂ፣ ስትመለስ ቀስ ብለሽ ልቀቂ።»
«ገና አልሞላችም» ብላ ደግማ ሳበች።

ከአልጋዋ ሽንት ቤት ስምንት ርምጃ ነው፣ በሌሊት ሃያ፤
ክንዷን ይዤ ሄድን፣ ወንበሩም ግድግዳውም ማረፊያ።
«በኛ ቋንቋ» አልኳት፣ «ይህን በስሙ አንጠራም፤
ደጅ ልውጣ ነው የምንለው፣ ደጅ ባንወጣም።»
«ዴጅ» አለች። እንደ ከረሜላ አላመጠችው።
የቧንቧውን ውኃ በስሱ ከፍቼ ለቀቅኩት፣
ጀርባዬን ሰጥቼ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኩት፤
የሚጠበቅ እንጂ የሚጣደፍ እንግዳ አይደለም።
መጣ። አቃሰተች። እጄን ወደ ኋላ ዘረጋሁ፤
ጨመቀችው፤ የቀለበቷን ማኅተም እስካሁን ይዣለሁ።

አሥራ ሁለት ሰዓት መብራቱ ደግሞ በራ። ሮጥኩ።
«ዴጅ» አለች። ነጠላ ጫማዋን አቀረብኩ።
ራሷን ነቀነቀች፤ በጣቷ መስኮቱን አሳየችኝ።
መጋረጃውን ስገልጥ ጀልባዋ ታየችኝ፣
የመጀመሪያዋ፣ ሁለት ብስክሌተኛ ብቻ የጫነች፣
በጨለማው ውኃ ላይ መብራቷን እየጎተተች።
ቪብከ በትንፋሿ አሻገረቻት፣
በትንፋሿ መለሰቻት።

«አሁንስ ስንት ነው?»
«ሁለት። ሦስት ብለሽ ጻፊው፤ መልሱን ላንቺ ተውኩት።»

መዝገቡ ላይ ሁለት ጻፍኩ።
መልሱን ግን ኪሴ ከተትኩት።